ሬዚደንትን ማብቃት፦ በሥራ ጫና ቀመር ውስጥ ያልገባው ሥራ

የዩኒቨርሲቲ መምህር የሥራ ጫና በየመንፈቀ ዓመቱ ሲሰላ የሚቆጠሩት ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ የክፍል ትምህርት፣ የመመረቂያ ጥናት ማማከር፣ ፈተና ማውጣትና ማረም፣ ምርምር፣ የኮሚቴ ሥራ። በድንገተኛ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና የምናስተምር ሐኪሞች ግን ከሁሉ የበለጠ ጊዜያችንን የሚወስደውና ከሁሉ የበለጠ ፍሬ የሚያፈራው ሥራችን ከእነዚህ ውስጥ የለም። ይህም ሥራ ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ ለስፔሻሊቲ ሥልጠና የመጣን ሰው፣ ማለትም ሬዚደንትን፣ ለዓመታት አጠገቡ ሆኖ፣ ውሳኔውን እያዩ፣ እየጠየቁ፣ እያረሙ፣ ሲዝል እያበረቱ፣ ያለ አጋዥ ሊወስን ወደሚችልበት ደረጃ ማድረስ ነው። ስለ ጫናውም ስለ ዋጋውም አንድ ላይ መጻፍ የፈለግሁት፣ የሥራው እርካታ ከፍ ያለ መሆኑ ጫናው እንዳይቆጠር ምክንያት እየሆነ በመምጣቱ ነው። ደስ ብሎን የምንሠራው ሥራ ስለሆነ ሰዓት አያስፈልገውም የሚል ያልተጻፈ ስምምነት ያለ ይመስላል፤ ይህ ስምምነት ለመምህሩም፣ ለሬዚደንቱም፣ ከሁሉም በላይ ለበሽተኛው የሚበጅ አይደለም።

የምሠራው በመሀል አዲስ አበባ በሚገኝ የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ከልደታ፣ ከመርካቶ፣ ከሜክሲኮና ከፒያሳ አካባቢ የሚነሳ ሕመምተኛ በላዳ፣ በጎረቤት መኪና ወይም በቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደርሰናል፤ ከክልል ሆስፒታሎች ሪፈር ተጽፎለት ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ የሚመጣውም ብዙ ነው። ሙያው በአገራችን ገና ወጣት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንሲን በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን የወጡት በ2013 ነው። በእነዚያ ዓመታት ከዊስኮንሲንና ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲዎች እየተመላለሱ ያስተማሩ ሐኪሞች ለሥልጠናው መቆም ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ኋላም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የራሱን ሥልጠና ከፍቷል። ሙያው ቀድሞ በተስፋፋባት በአሜሪካ እንኳ የመጀመሪያው ሬዚደንሲ በሲንሲናቲ የተጀመረው በ1970፣ ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ተብሎ ዕውቅና ያገኘው ደግሞ በ1979 ነው።

ይህ ታሪክ በሥራችን ላይ የሚታይ ውጤት አለው። በውስጥ ደዌ ወይም በቀዶ ሕክምና ክፍሎች የመምህራን መምህር የሆኑ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ፕሮፌሰሮች አሉ፤ አንድ ወጣት መምህር ሬዚደንት ሲከብደው ሄዶ የሚያማክራቸው፣ እነሱም «እኛም እንዲህ ገጥሞን ነበር» ብለው የሚመልሱለት። በእኛ ሙያ ይህ ትውልድ ገና አልሸበተም። ትናንት የተመረቀው ዛሬ አስተማሪ ነው፤ በሽተኛ ማከምን እንጂ ሰው ማብቃትን ያስተማረው የለም። ስለዚህ የዛሬው መምህር ሁለት ሥልጠና በአንድ ጊዜ እያካሄደ ነው፦ የሬዚደንቱንና የራሱን።

በድንገተኛ ክፍል ማስተማር ከሌላው የሚለይበትን ምክንያት ክፍሉን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል። በሌሎች ክፍሎች መምህሩ ራውንድ ሲወጣ በሽተኛው ተኝቷል፣ ታሪኩ ተጽፏል፣ የላቦራቶሪ ውጤቱ ቢያንስ በከፊል ደርሷል፤ ሬዚደንቱም ሌሊቱን አንብቦ ይቀርባል። በእኛ ዘንድ ግን የሚወሰነው የበሽታው ስም ሳይታወቅ ነው። የደቡብ አፍሪካው የትሪያጅ መለኪያ በሽተኞችን እንደ አስቸኳይነታቸው በቀለም ሲለይ ቀዩ ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማው በ10 ደቂቃ፣ ቢጫው በ60 ደቂቃ፣ አረንጓዴው በ4 ሰዓት ውስጥ መታየት እንዳለበት ያስቀምጣል። መምህሩ ለሬዚደንቱ «ለምን?» የሚል ጥያቄ ሲያቀርብና መልሱን በትዕግሥት ሲጠብቅ፣ ያ ጊዜ የሚቆረሰው ከእነዚህ ደቂቃዎች ላይ ነው። ራሱ ቢሠራው ይፈጥናል። ነገር ግን ሁልጊዜ ራሱ ከሠራው ሬዚደንቱ ሦስተኛ ዓመት ሲደርስ እጁ እንጂ ውሳኔው አልሰለጠነም።

አንድ ምሽት በፀረ ተባይ ኬሚካል የተመረዘች ወጣት ወደ ቀይ ክፍል ገባች። ላብ አጥምቋታል፣ ምራቋ ያለማቋረጥ ይወርዳል፣ የዓይኖቿ ብሌኖች የመርፌ ጫፍ አክለዋል፤ በደረቷ ውስጥ የተጠራቀመው ፈሳሽ ድምፅ ስቴቶስኮፕ ሳይቀርብ ይሰማል። የተቀበለቻት የአንደኛ ዓመት ሬዚደንት መልኩን ወዲያው አውቃ ኦክስጅን አስጀመረች፤ ፈሳሹን አስመጠጠች፤ የመርዙን ውጤት የሚመክተውን መድኃኒት፣ አትሮፒንንም፣ 2 ሚሊግራም ሰጠች። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መጠኑን አጥፋ 4 ሚሊግራም ሰጠች። ቀጥሎ 8 ሊሆን ሲገባው እጇን ሰበሰበች። የልብ ምቱ ከ120 አልፎ ነበር፤ ብሌኖቹም መስፋት ጀምረዋል፤ ሲስተሯ ቀጣዮቹን አምፑሎች በእጇ ይዛ ትእዛዝ ትጠብቃለች። ከኋላዋ ቆሜ ነበርና መልሱን መንገር ይቀለኝ ነበር። «ደረቷን አዳመጥሽው?» ብቻ አልኳት። ጎንበስ ብላ ከላይ እስከ ታች፣ ግራና ቀኙን አዳመጠች፤ ከታች በሁለቱም በኩል ፈሳሹ እንዳለ ነው። ቀና ብላ ለሲስተሯ «ስምንት» አለቻት።

በዚያች አጭር ጊዜ የተማረችው ነገር በመጽሐፍም ተጽፏል፦ የአትሮፒኑ መድረሻ የብሌን መስፋት አይደለም፣ የልብ ምት መፍጠንም ብቻውን ለማቆም ምክንያት አይሆንም፤ የሚፈለገው ደረቱ እስኪጠራ፣ የልብ ምቱ ከ80 በላይ፣ የላይኛው የደም ግፊትም ከ80 በላይ እስኪሆን ድረስ በየአምስት ደቂቃው እያጠፉ መስጠት ነው፤ ከዚያም እስከዚያ ከተሰጠው ጠቅላላ መጠን ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን በየሰዓቱ በጠብታ ማስቀጠል። ይህን ማንበብና በሚንቀጠቀጥ እጅ መፈጸም ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኔ አጠገቧ በቆምኩበት ጊዜ አንድ የብርቱካናማ ክፍል በሽተኛ 10 ደቂቃው እየሞላ ስለነበር የሦስተኛ ዓመቱን ሬዚደንት ወደዚያ መላክ ነበረብኝ፤ እሱ የጀመረውን ርክክብ ደግሞ ሌላ ሰው መረከብ ነበረበት። የአንድ ጥያቄ ዋጋ እንዲህ በክፍሉ ሁሉ ይዞራል። ሁለተኛ ሲኒየር (ልምድ ያለው ከፍተኛ ሐኪም) በሌለበት ሌሊት ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ የሚደፍር መምህር ብዙ አይሆንም፤ አልፈርድበትም።

ጥድፊያ ውስጥ ለማስተማር የሚያግዙ ዘዴዎች አሉ። በአሜሪካ የቤተሰብ ሕክምና መምህራን እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተሙትና «የአንድ ደቂቃ አስተማሪ» በሚል ስም የታወቀው ዘዴ ለድንገተኛ ክፍል የተፈጠረ ባይሆንም ከእኛ ሥራ ጋር እጅግ ይስማማል፦ ሬዚደንቱ በቅድሚያ የራሱን ውሳኔ እንዲናገር ማድረግ፣ ማስረጃውን መጠየቅ፣ ከዚያ በሽተኛ አልፎ የሚሠራ አንድ አጠቃላይ መርሕ ማስጨበጥ፣ በትክክል የሠራውን ለይቶ መንገር፣ ስሕተቱን ማረም። ከእነዚህ ውስጥ በእኛ አገር ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ነው። ያደግነው በታላቅ ፊት ቀድሞ አለመናገርን እንደ ጨዋነት በሚያይ ቤት ነው። ሬዚደንቱ «ዶክተር እርስዎ እንዳሉት» ሲል አክብሮቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን የሚያስበውን አላውቅም፣ የማላውቀውን ደግሞ ላርመው አልችልም። ከዚህም የሚብሰው፣ እኔ የተሳሳተ ትእዛዝ ብሰጥ አይቶ ዝም የሚል ሬዚደንት ለበሽተኛው አደጋ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ለእያንዳንዳቸው የምነግራቸው አንድ ነገር አለ፦ የመድኃኒት መጠን ላይ ጥርጣሬ ካላችሁ በበሽተኛው ፊትም ቢሆን ተናገሩኝ፤ ክብሬ አይነካም። ይህን መናገር ቀላል ነው፤ እንዲታመን ማድረግ ግን ወራት ይወስዳል፤ የሚታመነውም አንድ ቀን አንዱ ሲናገር መምህሩ ፊቱን ሳያጠቁር «ልክ ነህ» ብሎ ሲቀበል በሌሎቹ ከታየ በኋላ ነው።

ከተረኝነት በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ ለማንም አይታይም። ሞርኒንግ ሴሽን (የሌሊቱ ሥራ የሚቀርብበት የጠዋት ስብሰባ) አልቆ ሰው ሲበተን አንድ ሬዚደንት ጋውኑን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ይቀራል። ከምርመራ ውጤት ይልቅ የሚያስጨንቀው ሌላ ነው፦ የመተንፈሻ ማሽን የሚያስፈልጋቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ማሽኑ አንድ ነበር። ወይም አስታማሚው የታዘዘውን መድኃኒት ለመግዛት ወጥቶ ሲመለስ ዘግይቶ ነበር። እንዲህ ያለ ውሳኔ ለማንም ሰው ይከብዳል፤ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላለ፣ ከክልል ዩኒቨርሲቲ ተልኮ አዲስ አበባ ላይ ቤት ተከራይቶ ብቻውን ለሚኖር ሐኪም ደግሞ ይብስበታል። በዚህ ሰዓት የሚፈለገው ትምህርት አይደለም። አብሮ ተቀምጦ የሌሊቱን ቅደም ተከተል በእርጋታ መከለስ፣ በእጁ የነበረውን ከእጁ ውጪ ከነበረው መለየት፣ ከዚያም «አሁን ሂድና ተኛ፤ ነገ ስለ ማሽኑ ለሚመለከተው አካል አብረን እንጽፋለን» ማለትና በማግሥቱም በእርግጥ መጻፍ ነው። ሎግ ቡክ (ሬዚደንቱ የሠራውን የሚመዘግብበት ደብተር) መፈረም፣ የኢኬጂ (የልብ ምርመራ) ፎቶ በቴሌግራም ሲላክ ከእንቅልፍ ተነስቶ መመለስ፣ ከቤተሰቡ ችግር የተነሳ ሥልጠናውን ሊያቋርጥ ያሰበን ማነጋገር፤ እነዚህም ሁሉ ከዚህ የማያንሱ ሥራዎች ናቸው፤ ስለ እያንዳንዳቸው ግን ማብራራት አያስፈልገኝም።

ከሁሉ ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስደውና በጽሑፍ ሊያዝ የማይችለው ትምህርት መርዶ ነው። በባህላችን የሞት ዜና የራሱ ሥርዓት አለው፤ በማለዳ፣ ጠና ባሉ ዘመዶችና ጎረቤቶች፣ ሰሚው ብቻውን እንዳይሆን ተብሎ ይነገራል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አንዲት እናት ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሬዚደንቱ ሲወጣ ከቃሉ በፊት ዓይኑን ታነባለች። ብዙ ጊዜ ከወንድሞች አንዱ ሐኪሙን ፈንጠር አድርጎ ወስዶ «ለእሷ እንዳትነግሯት፣ ቤት ወስደን እኛ እንነግራታለን» ይላል። ውጭ አገር የተጻፉ የሥልጠና መምሪያዎች ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ የላቸውም። እኔ የያዝኩት አቋም ይህ ነው፦ እናቲቱ ራሷ በቀጥታ ካልጠየቀች የቤተሰቡን ሥርዓት ማክበር ተገቢ ነው፤ ዓይን ለዓይን እያየች «ልጄ አለ ወይስ የለም?» ብላ ከጠየቀች ግን ሐኪም ሊዋሻት አይገባም፤ ያን ጊዜ ወንድሟን አጠገቧ አስቀምጦ፣ ከግርግሩ ገለል አድርጎ፣ አብሯት ተቀምጦ፣ ያለ ሽፋን ቃል «ሞቷል» ማለት አለበት። ከተናገረም በኋላ መሮጥ የለበትም። መጀመሪያ ላይ የምናገረው እኔ ነኝ፣ ሬዚደንቱ አብሮኝ ይቀመጣል፤ ሲበረታ ቦታ እንለዋወጣለን። ይህ በአንድ ቤተሰብ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ የትኛውም ቅጽ ላይ ግን ይህ ሰዓት የሚሞላበት ቦታ የለም።

ጫናውን በሐቀኝነት ለመግለጽ ገንዘብንም ማንሳት ግድ ነው። የማስተማሪያ ሆስፒታል ደመወዝ የአዲስ አበባን የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ስለማይሸፍን አብዛኛው ስፔሻሊስት ከሥራ ሰዓት ውጪ በግል ሆስፒታል ይሠራል። ሬዚደንትን አስቀምጦ የሌሊቱን ውሳኔ ለመከለስ የሚውለው ሰዓት የሚወሰደው ከዚሁ ሰዓት ነው፤ ማለትም መምህሩ ከኪሱ ያወጣል። ከቤቱም ያወጣል። ይህን ለዓመታት የሚያደርጉ ባልደረቦች አሉኝ፤ እስከ መጨረሻው ግን አይቀጥሉም። መጀመሪያ ስልክ ማንሳት ይቀንሳሉ፣ ከዚያ ከሞርኒንግ ሴሽን ቀጥታ መውጣት ይጀምራሉ፤ ከዚያ ይለቃሉ፤ የሚለቁት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሬዚደንቶች ከሁሉ የሚፈልጓቸው ናቸው።

ታዲያ ለምን እንሠራዋለን? ምክንያቱን ላየ ሰው ጥያቄው አይከብድም። በቅርቡ ከአንድ የክልል ሆስፒታል በአደጋ የተጎዳ ወጣት ተልኮልን መጣ። የሪፈር ወረቀቱ ላይ የመተንፈሻ ቱቦው የገባበት ሰዓት፣ የተሰጠው ፈሳሽና ደም መጠን፣ በአልትራሳውንድ ሆዱ ውስጥ የታየው ደም፣ መድኃኒቶቹ ከነሰዓታቸው፣ የንቃት ደረጃውን የሚያሳየው የግላስጎው ኮማ መለኪያ ውጤት ከመንገዱ በፊት ስንት እንደነበር፤ ሁሉም በሚነበብ ጽሑፍ ሰፍሯል። ከመነሳታቸው በፊት ስልክ ተደውሎልን ስለነበር ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ተዘጋጅቶ ነበር የጠበቀው። ፊርማውን ሳይ የጻፈውን ሐኪም አወቅሁት፤ እኛ ዘንድ ሬዚደንት የነበረ ነው። ያ ወጣት የተረፈው እኔ ባላየሁት ክፍል፣ እኔ ባልነካሁት እጅ ነው፤ ሆኖም ወረቀቱ ላይ የሰፈረው እያንዳንዱ መስመር አንድ ጊዜ በአንድ ጥግ ላይ የተከራከርንበት ነገር ነው። በሕክምና ሕይወቴ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ አላውቅም።

ሌላም አለ። አትሮፒኑን ያቋረጠችው ሬዚደንት ዛሬ ከፍተኛ ሬዚደንት ናት። ኢንተርን አጠገቧ አቁማ «አንተ ምን ታደርጋለህ?» ብላ ስትጠይቅና መልሱን ስትጠብቅ ሰምቻታለሁ፤ አልቸኮለችም። ለእኔም ለራሴ የተረፈኝ ብዙ ነው። ለአልጋ ዳር አልትራሳውንድ ዛሬ ያለኝን ዓይን በከፊል ያገኘሁት ከእኔ በኋላ የመጡት ሬዚደንቶች በአዲስ መልክ ሲያነቡትና ሲጠይቁኝ ነው። በየቀኑ «ለምን?» የሚጠየቅ ሐኪም በልማድ ብቻ ሊያክም አይችልም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሌለበት ሥራ ቦታ የሚመለሱ የሙያ ጓደኞቼ የሚናፍቁት ከሁሉ በላይ ይህንን ነው ይላሉ፤ አምናቸዋለሁ።

ይህ ሁሉ ደስታ ግን የሥራ ሰዓትን አይተካም። የምጠይቀውም የተጋነነ አይደለም። አንድ መምህር በቅርብ የሚከታተላቸው ሬዚደንቶች ቁጥር ወሰን ይኑረው፤ ከእነሱ ጋር ለብቻው የሚቀመጥበት ሰዓት እንደ ክፍል ትምህርት ሁሉ በሥራ ጫና ቀመር ውስጥ ይግባ። ሬዚደንቱን የሚከታተለውና የመጨረሻ ፈተናውን የሚፈትነው ሰው የተለያዩ ይሁኑ፤ ድካሙንና ፍርሃቱን የነገረው ሰው ነገ ውጤት እንደሚሰጠው እያወቀ ማንም ልቡን አይከፍትም። አዲስ መምህራን በዚህ ሥራ ላይ ሥልጠና ያግኙ። ከሁሉም አስቀድሞ ሊሆን የሚችለው ደግሞ ተጨማሪ በጀት የማይጠይቀው ነው፦ ከሞርኒንግ ሴሽን በኋላ ያለው አንድ ሰዓት የዚያን ሌሊት ተረኛ ለነበሩት ሬዚደንቶችና ለመምህራቸው ይተው፣ በዚያ ሰዓት መምህሩ ለስብሰባም ለራውንድም አይጠራ። አዳዲስ ሬዚደንቶች በሚገቡባቸው ወራት ደግሞ በማታው የዲዩቲ ሰሌዳ ላይ ሁለተኛ ሲኒየር ይመደብ፤ አንዱ ለበሽተኞቹ፣ ሌላው አጠገባቸው ለመቆም። ለሚቀጥለው የትምህርት ክፍላችን ስብሰባ ሰሌዳውን እንዴት ማሸጋሸግ እንደሚቻል የሚያሳይ ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ፤ በሌሎች ሆስፒታሎች ያላችሁ ባልደረቦችም ከሞከራችሁት እንዴት እንደሠራላችሁ ብትጽፉልኝ ከረቂቁ ጋር አያይዤ አቀርበዋለሁ።